የዝንቧ ስድስት ሰዓት

ጥቅምት 13 ቀን 2018፣ ሐሙስ። ፍኖተ ሰላም

በዩኒቨርሲቲው ዓውደ ጥናት ላይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ሲል አማካሪዬ ዶክተር ገነነ ዘጠነኛውን ስላይድ ከፈተና የእኔ ሥዕል ግድግዳው ላይ ወጣ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። «ይህ የተማሪዬ የሪሃና አብዱሰመድ ሥራ ነው» ሊል ነው ብዬ ሻሼን ሁሉ አስተካከልኩ። እሱ ግን፣ «ባለፈው ክረምት ቁጭ ብዬ ስሠራው…» አለ።

ቁጭ ብዬ!

እስከ ዛሬ ጠዋት በዚህ ደብተር ውስጥ «እሳቸው» ነበሩ። ከአምስት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ «እሱ» ነው።

ዘጠኝ ሺህ ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሴል ነው። ቀለሞቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ገና ያልወሰነው ሴል አረንጓዴ፣ የወሰነው ቀይ፤ ልክ ዛላ በርበሬ ሲበስል እንደሚሆነው። ቀለሙን እንኳ አልቀየረውም። በቀኝ በኩል፣ ከቀዮቹ መሐል የተበተኑትን አረንጓዴዎች በብርሃኑ እየጠቆመ፣ «እነዚህ እምቢተኞች ናቸው!» ሲል አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበም። እዚያ ላይ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

የመጨረሻው ስላይድ ምስጋና ነበር። አራተኛው መስመር ላይ «ለላብራቶሪ ረዳቷ ለሪሃና» ይላል። የአባቴ ስም እንኳ የለበትም። ላብራቶሪም የለንም።

የክፍል ጓደኛዬ ሕሊና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ተነሺ!»

አልተነሳሁም። ጥያቄ አለ ወይ ሲባልም እጄ ጭኔ ላይ ነበር።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። ቡሬ

ቤት ገባሁ። መብራት የለም። ለማንም አልተናገርኩም። አለመነሳቴ። አለመነሳቴ። አለመነሳቴ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የተወሰደብኝ ነገር ምን እንደሆነ አንድ ቦታ በእኔ ቃል ተጽፎ ይቀመጥ።

የፍራፍሬ ዝንብ የምታሸተው በቀንዶቿ ነው። እዚያ ላይ ብዙ መቶ የማሽተቻ ነርቭ ሴሎች አሏት። እያንዳንዱ ሴል ስልሳ ያህል የሽታ ተቀባይ ጂኖችን ይዞ ይወለዳል፤ አድጎ ሲጨርስ ግን በአብዛኛው ከነዚያ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። አንዱ ሴል የበሰለ ሙዝ ይሸተዋል፣ ሌላው የጎመዘዘ ነገር፣ ሌላው የሻገተ አፈር። በሁሉም ውስጥ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው። ልዩነቱ የቱ ገጽ ተከፈተ፣ የቱ ተጣበቀ ነው። ሴሉ ዲኤንኤውን በፕሮቲን እንክብሎች ላይ ይጠመጥመዋል፤ የማይፈልገውን ክፍል አጥብቆ ይቋጥረዋል፤ ላዩ ላይም «አይነካም» እንደማለት ያለ ኬሚካላዊ ምልክት ያኖርበታል። አንድ ፊደል አይፋቅም፣ አንድ ፊደል አይጨመርም። ኢፒጄኔቲክስ የሚባለው ይህ ነው።

የእኔ ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነበር። ትሉ ቅርፊት ለብሶ ወደ ዝንብ በሚለወጥባቸው አራት ቀናት ውስጥ ሴሉ ሌሎቹን ጂኖች የሚዘጋው መቼ ነው? ቀስ በቀስ ነው ወይስ ባንዴ? ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ የለቀቁትን የዘጠኝ ሺህ ሴሎች መረጃ አወረድኩ፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት፣ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ እያንዳንዱ ሴል ስንት ሰዓት እንደሞላው እያሰላሁ በዕድሜ ደረደርኳቸው። ሁለት ዓመት ተኩል። የማስተርስ መመረቂያዬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። ታኅሣሥ ላይ ነው የምከላከለው። እሱ «የኔ ነው» ካለ ግን በምን ልቆም?

ዛሬ አባባ በረንዳው ላይ ዛላ ሲለዩ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው።

«አንድ መጋዘን ያስቡ» አልኳቸው። «ስልሳ ጆንያ አለበት፤ ሁሉም አፉ የተሰፋ። ጠባቂው አንዱን ብቻ ይፈታል።»

«ሌላውንስ?»

«ዕድሜ ልኩን አይነካውም።»

«የፈታው ባዶ ቢሆንስ?»

ሱብሃነላህ! ሊቃውንቱ ስንት ዓመት የተጨነቁበትን አባቴ በርበሬ እየለዩ ጠየቁት። «በአይጥ አፍንጫ ከሆነ መልሶ ይሰፋውና ሌላ ይፈታል» አልኳቸው። «ዝንብ ላይ ግን ጠባቂው የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው።»

«እንግዲያማ ዝንብ እንደኛ ናት» ብለው ሳቁ። ቀጥለው፣ «ይኼን ነው ሰውየው የወሰደብሽ?»

«ይኼን ነው።»

«ጆንያው ያንቺ አይደለ፣ መጋዘኑ ያንቺ አይደለ። ምንሽን ነው የወሰደው?»



ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ዛሬ ነው የተከፈተው።

ዶክተር ገነነ ቢሮው ስገባ ፈገግ አለ። «አየሽው አይደል? አዳራሹ እንዴት እንደወደደው!»

«ስሜ አልተጠራም፣ ዶክተር።»

«ምስጋናው ላይ አለሽኮ።»

«ሥራው የኔ ነው።»

«ሪሃና፣ ሳይንስ የጋራ ነው። ርዕሱን ማን ሰጠሽ? እኔ። መረጃው ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ ያንቺም የኔም አይደለም።»

«በርበሬውም የገበሬው ነው» አልኩት። «የለየው ግን አባቴ ነው። የአባቴን ምድብ ሌላ ሰው ለየሁት ብሎ ገበያ ቢያወጣ ቡሬ ውስጥ ማንም ዳግም አይገዛውም።»

ሳቀ። «የነጋዴ ልጅ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለረዳት መምህርነት እያሰበልኝ እንደሆነ፣ ቦታው በስሜ የተያዘ ያህል እንደሆነ ነገረኝ። በሩ ላይ ስደርስ፣ «ታኅሣሥ ላይ መመረቂያሽን የምፈርመው እኔ መሆኔን አትርሺ» አለ። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ድኅረ ምረቃ ቢሮ ገባሁ። የአቤቱታ ደብዳቤዬን ቆሜ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ከሩብ። የገቢ ማኅተም ሲመታበት ድምፁ ደስ አለኝ።

ስለ ሥዕሉ ሁሉንም ጻፍኩ። ከሥራ ደብተሬ ገጽ 61 በቀር።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ድኅረ ምረቃ ቢሮው ኅዳር 30 ቅረቡ አለን። ሁለታችንም።

ሕሊና ደውላ፣ «ዶክተር ገነነ ጅጋ ከተማ፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሰንብቷል አሉ» አለችኝ። ይሰንብት!

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጎረቤታችን ንግሥቴ ቅመም ትሸጣለች፤ ሳልፍ ሁልጊዜ «የዝንብ ዶክተር መጣች፣ ቅመማችሁን ክደኑ!» እያለች ታስቀኛለች። ዛሬ ዝም አለች። እማ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«እማ።»

«ከመምህሯ ጋር ተጣላች አሉ። እሱስ ይሁን። አንዷ ግን፣ ‹ወንድና ሴት በወረቀት ይጣላሉ እንዴ?› አለች። ሳቁ።»

እማ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣች። እኔ ልወጣ ስነሳ ነጠላዬን ያዘችኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቀትር በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሐጂ ኢሳ የኛው ሰፈር ሰው ናቸው፤ አባባ ቃላቸውን አይጥሉም። አቶ ተስፋው የዶክተሩ አጎት ነው። ሦስተኛው መሪጌታ ወልደ ሥላሴ፣ ጅጋ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ትልቅ ሰው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አባባ።

«የመጣንበትን ሳታስጨብጠን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ኢሳ።

ቆሙ። ሽማግሌ በሰው ቤት ቆሞ ሲለምን ለባለቤቱ መሬቱ የሚንቀጠቀጥበት ያህል ነው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ልጅ ናት፣ ተቆጥታ ጽፋለች» አለ አቶ ተስፋው። «ወረቀቱን ታንሳ። የሰው ስም ተጎድቷል። እኛም እሷን አናስነካም።»

«ነገሩ ምን እንደሆነ ሳላጣራ…» አሉ አባባ።

«አብዱሰመድ! ሽማግሌ አቁመህ ታጣራለህ?»

አባባ የቆሙትን ሦስቱን በተራ አዩ። ከዚያ፣ «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አሉ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «እኔ አልሰጠሁም።»

እማ ከጓዳ «ያ ረቢ!» ስትል ሰማኋት። አቶ ተስፋው ወደ አባባ ዞሮ፣ «ይኼን ነው ያስተማርካት?» አለ። ሐጂ ኢሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ ብቻ ወደኔ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ የጻፍሽው ስለምንድነው?» አሉ።

አፌን ሳልከፍት አቶ ተስፋው ጣልቃ ገባ። «ተውት መሪጌታ፤ የሴት ልጅ ነገር በአደባባይ አይወጣም።»

ያኔ ዶክተሩ ምን ብሎ እንዳመጣቸው ገባኝ። ስለ ዝንብ አልነገራቸውም። ስለ ሥዕልም አልነገራቸውም። ስለ እኔ ነው የነገራቸው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አባባ አያናግሩኝም። እራት ላይ ሳህኑን በእማ በኩል አሳልፈው ይሰጡኛል። ትናንት አንድ ነገር ብቻ አሉ። «ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ያለ ወረቀት የኖርኩት በቃሌ ነው። አሰበርሽኝ።»

«የራስዎን ቃል ቢሰጡ ኖሮ እኔው አስከብርልዎ ነበር። የሰጡት የኔን ነው» አልኩ።

ተነስተው ወጡ። ልክ ነኝ። ግን ጀርባቸውን ሳይ ልክ መሆኔ ሆዴን አልሞላውም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ኢሳ አባባን እንዳላዩ ሆነው አለፏቸው አሉ። ነገሩን ያመጣችልኝ ንግሥቴ ናት። «ሽማግሌ የረገጠች እያሉሽ ነው» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ግን ወላሂ ብዬ ባልምልም፣ እኔ ብሆንም እረግጥ ነበር» ብላ ዝንጅብል ሰጠችኝ። ክርስቲያን ናት፤ ወላሂን እኔን ለማሳቅ ነው የምትለው። ትንሽ ሳቅሁ።

ማታ ደብተሩን አወጣሁ። ይህን ሳይሆን የሥራ ደብተሬን። ገጽ 60፣ ገጽ 62። 61ን አለፍኩት። ማንም ስለሱ አልጠየቀኝም። ካልጠየቁኝ ምን አገባኝ?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጅጋ

የሽማግሌን ነገር የሚመልስ ሰው ደጃቸው ድረስ ሄዶ ነው የሚመልሰው። በስልክ አይሆንም፣ በሰው አይላክም። ስለዚህ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። እማ «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ተከተለችኝ። የነቢያት ጾም ትናንት ስለገባ ቅቤ ትታ ስኳር ያዘች።

መሪጌታን ተማሪዎቻቸው መሐል አገኘናቸው። ሁሉንም አስነስተው በርጩማ አስመጡልን።

«ልመልስ ነው የመጣሁት፣ መሪጌታ» አልኩ። «አባቴ የሰጡትን እኔ አልሰጠሁም። ማቃለሌ አይደለም።»

«መመለሱን ቆይ። ያን ቀን የጠየቅሁሽን መልሽልኝ። የጻፍሽው ስለምንድነው?»

ነገርኳቸው። ስለ ቀንዷ፣ ስለ ስልሳዎቹ፣ ስለሚከፈተውና ስለሚዘጋው። ቀላል አላደረግሁላቸውም፤ የሚችሉት መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ። «ጽሑፉ አንድ ከሆነ የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው ከጽሑፉ ውጭ ነዋ?» አሉ። «አዎ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እማ አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። እሷም ስለ ሥራዬ ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

«እሱስ ምን አደረገ?»

«በአዳራሽ ፊት የኔ ነው አለ።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ለኛ ሌላ ነው የተነገረን። ልጅቱ መምህሯን ፈልጋ እምቢ ሲላት ስሙን አጠፋች ነው የተባልነው። በሐሰት የቆመ ሽምግልና ቃል አይዝም። ሐጂ ኢሳን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪው፤ ቃሉን መልሰንለታል። አልሰበረም፣ አላሰበርሽውም።»

እማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ልንነሳ ስንል፣ «ግን በምን ታስረጃለሽ?» አሉ። «እሱ የኔ ይላል፣ አንቺ የኔ ትያለሽ። እኛ ዘንድ የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ በምን እንደሚታወቅ ታውቂያለሽ? በውበቱ አይደለም። ውበቱንማ ሁሉም የኔ ነው ይላል። ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ይጠየቃል። ባለቤቱ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ያውቀዋላ። የሰረቀው ግን እዚያው ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።»

የዶክተሩ ድምፅ መጣብኝ። «እነዚህ እምቢተኞች ናቸው!» ጭብጨባው።

ሚኒባስ ውስጥ እማ፣ «እዚያ ሥራሽ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም የለም።»

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

እሺ። ገጽ 61።

ተመራማሪዎቹ ለአንዱ ምድብ የሴሎቹን ዕድሜ ቀጥታ አልጻፉም። ትሉ ቅርፊት የለበሰበትንና ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት ብቻ ነው ያሰፈሩት፤ ዕድሜውን ራሴ ማስላት ነበረብኝ። ቅርፊት የለበሰው ጠዋት፣ በነሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት፤ ናሙናው የተወሰደው በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዓት። በነሱ ሁለት ሰዓት ማለት ሌሊት ነው። የመጀመሪያውን ወደኛ ቀይሬ የጠዋት ሁለት ሰዓት አልኩ፤ ትክክል። ሁለተኛውን ግን ሳልቀይር የኛ ሁለት ሰዓት አድርጌ ጻፍኩት። ጠዋት! አርባ ሁለት ሰዓት የሞላቸውን ሴሎች አርባ ስምንት አልኳቸው። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሴሎች። ስድስት ሰዓት።

እነዚያ «እምቢተኞች» የተባሉት አረንጓዴ ነጥቦች እነሱ ናቸው። እምቢ አላሉም። ገና ልጆች ናቸው። እኔ ነኝ በግድ ያስረጀኋቸው።

ሥዕሉን ለእሱ የላክሁለት ሰኔ ላይ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ነሐሴ 12። ሳስተካክለው ሥዕሉ አፍ የሚያስይዝ ሆነ፤ ከአርባ ሁለት እስከ አርባ ስምንት ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሴሎቹ ከሞላ ጎደል ባንዴ ይዘጋሉ። ቀስ በቀስ አይደለም። ጥያቄዬ ተመለሰ!

አልነገርኩትም። ለምን? መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የበርበሬው ሥራ ነበር፤ ኔትወርክ አልነበረም። ከነሐሴ 12 እስከ ጥቅምት 13 ግን ሁለት ወር ነው። እውነቱ ይኸውልህ ደብተር፤ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ «የነጋዴ ልጅ ቁጥር አትስትም» ብሎ አስጨብጭቦልኝ ነበር። ያን ጭብጨባ ላለማጣት ነው የደበቅሁት። ሰዓት መቁጠር አቃታት እንዳልባል።

አዳራሹ ውስጥ ያልተነሳሁትም ለዚህ ነው። ስለፈራሁት አይደለም። ሥዕሉ የኔ ነው ካልኩ ስህተቱም የኔ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የመሪጌታን፤ ጠዋት ሐጂ ኢሳ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋቸው ስለነበር እሱን ያውቁታል። ቀጥሎ የሰዓቱን።

ዛላ እየለዩ ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ሰዓት ማየት ሳትችይ ነው ማስተርስ ያስገቡሽ?»

ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ ገና መሳቃቸው ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊሄድብኝ ሲል ያዝኩት።

«ነይ ወዲህ» አሉ። ከአንዱ ጆንያ ውስጥ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ከሥር እፍኝ አወጡ። አሸተቱና ሰጡኝ። «ከላይማ ሁሉም ቀይ ነው። እኔ የምገዛው ከሥር አሽትቼ ነው። ሻጋታ ካለው ገበሬ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ይደብቃል፤ እኔ ሳገኘው ጆንያውን በሙሉ እመልስበታለሁ። ሌላው ራሱ አውጥቶ እፊቴ ያስቀምጠዋል። ‹ይኼ ተበላሽቶብኛል፣ ቀሪው ደህና ነው› ይለኛል። የሱን ዳግመኛ ክንዴን ሳልከት እወስዳለሁ።»

«ካወጣሁት ታኅሣሥ ላይ ሊጥሉኝ ይችላሉ።»

«ይችላሉ» አሉ። አላጽናኑኝም። እንዲያውም ይህ ነው ያጽናናኝ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ደብተሩን፣ ሰኔ የላክሁበትን ኢሜይል፣ የተስተካከለውን ሥዕል ሦስት ሦስት ኮፒ አስነሳሁ። ሕሊና ደውላ፣ «ስህተቱን ለምን ታወጪዋለሽ? አንቺ እብድ ነሽ?» አለች። አይደለሁም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ድኅረ ምረቃ ቢሮው ውስጥ ሦስት አጣሪዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ዶክተር ካሰች ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው የሚያዳምጡ፣ ዝምተኛ ሴት።

እሱ ቀድሞ ተናገረ። ጥሩ ይናገራል። ርዕሱ የሱ፣ ሐሳቡ የሱ፤ እኔ «በትጋት ያገዝኩ» ነኝ። «የዚህ ሥራ እምብርት እነዚህ እምቢተኛ ሴሎች ናቸው» አለ። «እስከ ዛሬ ማንም አላስተዋላቸውም!» ድምፁ ከፍ አለ። የመሪጌታ ነገር ትዝ ብሎኝ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ጨበጥኩ።

«ዕድሜያቸውን እንዴት አሰሉት?» አሉ ዶክተር ካሰች።

«ሶፍትዌሩ ነው የሚያሰላው።»

«አንቺስ?»

ተነሳሁ። «ሶፍትዌሩ አያሰላውም። እኔ ነኝ በእጄ ያሰላሁት። ደግሞም ተሳስቻለሁ።» ገጽ 61ን ዘርግቼ አሳየኋቸው። የነሱን ሌሊት የኛ ጠዋት ማድረጌን፣ ስድስቱን ሰዓት፣ ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ሴሎች። ነሐሴ 12 ማግኘቴን፣ ሁለት ወር ዝም ማለቴን። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ዝቅ አለ። አላቆምኩም። «እምቢተኛ ሴል የለም» አልኩ። «የተሳሳትኩ እኔ ነኝ።»

አንደኛው አባል ሳቁን በሳል ለወጠው።

ዶክተር ገነነ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ይኸው! በአንደበቷ አመነች! ሰዓት መቁጠር የማትችል ልጅ ናት በኔ ላይ ክስ የምታቀርበው። ስህተቱ በሙሉ የሷ ነው፤ እጄ የለበትም!»

ዶክተር ካሰች መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው ደብተሬን አገላበጡ። ከዚያ፣ «ዶክተር፣ ስህተቱ በሙሉ የሷ ከሆነ ሥዕሉስ የማን ነው?» አሉ።



ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ውሳኔው መጣ። ሁለት ገጽ ነው።

አንደኛው ገጽ፦ ያወቅሁትን ስህተት በወቅቱ ስላላሳወቅሁ መከላከያዬ በስድስት ወር ይራዘማል። አማካሪም ይቀየርልኛል።

ሁለተኛው ገጽ፦ ዶክተሩ ያቀረበውን ያስተካክላል። ሥራው ወደፊት ሲታተም «ለተቋሙ ሰላም ሲባል» በሁለታችን ስም ይወጣል። የሱ ስም ቀድሞ፣ የኔ ተከትሎ። የሁለታችን ፊርማ ይጠበቃል። የሱ ፊርማ ተፈርሞ ነው የመጣው። ፊርማው ቆንጆ ነው።

ሕሊና፣ «በቃ ተቀበዪው! ስምሽ ገባ አይደል?» አለች። ሌላም ሰው ደወለ፤ ስሙን አልጽፍም፤ «ሁለተኛ ስም ለጀማሪ ክብር ነው» አለኝ። እማ እንኳ፣ «ትንሽ ብትለሰልሺስ?» አለች። አባባን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ምንም አላሉኝም፤ ገጹን አንብቤላቸው ሳበቃ እስክሪብቶ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

አንደኛውን ገጽ ፈረምኩ። ስድስት ወሩ የኔ ዕዳ ነው። ደብቄያለሁ፤ ይገባኛል። ማንም እንዲያሳጥርልኝ አልለምንም።

ሁለተኛውን ሳልፈርም መለስኩት። ጀርባው ላይ ምክንያቴን ጻፍኩ፤ እዚህም ይኑር፣ አንድ ቀን ድካም መጥቶብኝ ብለሳለስ እንዳነበው።

ሥራዬን በወሰደው ሰው ስም ሥር ስሜን አላስገባም፤ በአንድ ፊደል ርቀትም ቢሆን። እኔ ሳልጠየቅ በእኔ ምትክ የተሰጠን ቃል፣ የሰጠው ወዳጅም ይሁን አባት፣ አልቀበልም። ሥራዬን ልንገራችሁ ስል «የሴት ልጅ ነገር» ብሎ አፌን የሚዘጋ ሽምግልና ከእንግዲህ ደጃችን ቢቆም ቆሞ ይዋል፤ ወንበር አላወጣለትም። ሰላም ሲባል ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጎድለው እኔ ከሆንኩ ያ ሰላም አይደለም፤ እሱንም አልቀበልም።

ስህተቴን ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ። ትክክሉን ግን ማንም አስገድዶ አይወስድብኝም።